ፍሬሙን የሠራው ማነው?

ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት የማይጠፋ ክርክር አለ። አሥር ሺህ ዶላር የሚጠጋ ብስክሌት ላይ የጣሊያን ወይም የአሜሪካ ስም በትልቁ ተጽፏል። ገልበጥ አድርገው ከፔዳሉ መጋጠሚያ ስር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሲያነቡ ግን ታይዋን ወይም ቻይና ትላለች። "ተታለልን" የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም።

የካርቦን ፍሬም አሠራርን የሚያውቅ ሰው "የፋብሪካ ዕቃ ነው" ብሎ አይንቀውም። ካርቦኑ የሚመጣው ሬዚን እንደጠጣ ጨርቅ ሆኖ ነው፤ ያለጊዜው እንዳይደርቅም በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ቁርጥራጭ ይሆናል። ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ቁራጭ፣ ቃጫው በታዘዘው አቅጣጫ እንዲሄድ እያደረገች፣ በእጇ ትደርበዋለች። አንዱ ቁራጭ ከቦታው ቢዛነፍ ወይም በድርቡ መሃል አየር ቢቀር ፍሬሙ እዚያው ላይ ይደክማል። ተደርቦ ሲያልቅ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል፤ ከውስጥ በአየር ተነፍቶ፣ በሙቀት በስሎ ይወጣና በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ከዚህ ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሰው እጅ ነው።

ይህ ሙያ ታይዋን የሄደው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ1895 የተመሠረተው የቺካጎው ሽዊን ለአሜሪካውያን የብስክሌት ሌላ ስሙ ነበር ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ግን አርጅቶ ነበር። በ1980 ሠራተኞቹ ሥራ ሲያቆሙ ኩባንያው ፊቱን ወደ ጃያንት አዞረ፤ በ1972 ታይዋን ውስጥ ታይቹንግ አካባቢ የተቋቋመና ያኔ ገና ስሙ ያልታወቀ ድርጅት ነበር። የቺካጎው ፋብሪካ ተዘጋ። ጃያንት የሽዊንን ብስክሌት እየሠራ ሙያውን አዳበረ፣ ሽዊን ደግሞ ይበልጥ ርካሽ ፍለጋ ወደ ቻይና ሲያማትር ጃያንት በራሱ ስም አሜሪካ ገበያ ገባ። ሽዊን በ1992 ከሰረ።

ይህን ታሪክ "ታይዋን ሥራችንን ወሰደች" ብለው የሚተርኩት አሉ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ርካሹ ሥራ ከታይዋንም ወደ ቻይና መሰደድ ሲጀምር፣ ተቀናቃኞቹ የታይዋን ኩባንያዎች ጃያንትና ሜሪዳ በ2003 የመለዋወጫ አምራቾችን አስተባብረው ኤ-ቲም የሚባል ኅብረት መሠረቱ። አሠራራቸውን አሻሽለው በውድ ብስክሌት ላይ አተኮሩ። ሽዊን ፋብሪካውን ሳያድስ ሥራውን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ፣ ታይዋኖቹ ሙያውን አጥብቀው ያዙ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ዛሬ "እስያ የተሠራ" ማለት "የወረደ" ማለት አይደለም። የጣሊያኑ ኮልናጎ የሲ ተከታታይ ፍሬሞቹን ጣሊያን ውስጥ ይሠራል፤ የቪ ተከታታዮቹን ደግሞ እስያ ያሠራል። ብስክሌተኛው ፖጋቻር በ2020 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በቪው ነው። የኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የጋለበው የታይዋኑን ሜሪዳ ነበር።

በገዛ አገራቸው የሚሠሩትን ግን ከልቤ አከብራለሁ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለው ሙትስ የቲታኒየም ፍሬሞቹን እዚያው ስቲምቦት ስፕሪንግስ ይበይዳል፤ ብሮምፕተን ታጣፊ ብስክሌቱን ዛሬም ለንደን ውስጥ ያመርታል። በቁመትህ ልክ የሚበይድልህ፣ ሲሰነጠቅም መልሰህ የምትወስድለት ባለሙያ ቅርብህ ካለ ተጨማሪው ዋጋ ያዋጣል። ለባንዲራው ብቻ ከሆነ ግን አያዋጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በመስከረም 2025 የአሜሪካ ጉምሩክ ጃያንት ታይዋን ውስጥ የሚያመርታቸው ብስክሌቶች አገር ውስጥ እንዳይገቡ አገደ። የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አይቻለሁ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል የእዳ ባርነት፣ የደመወዝ መያዝና ከመጠን ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራ ይገኙበታል። ኩባንያው እግዱ እንዲነሳ እንደሚጠይቅ አስታውቋል፤ ከዚያው ዓመት መግቢያ ጀምሮም የቅጥር ክፍያውን ሠራተኛው እንዳይከፍል ማድረጉን ተናግሯል። ጉዳዩ የሚመለከተው የውጭ አገር ሠራተኞችን ነው፤ ለደላላ ከፍለው፣ ተበድረው፣ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ባለዕዳ የሚሆኑትን።

የደላላ ዕዳ ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እህቶቻችንን ወደ ዓረብ አገር የሸኘን ሰዎች ነን። ፓስፖርት ሲያዝ፣ ደመወዝ ሲቀር፣ "ዕዳሽን ሳትጨርሺ የትም አትሄጂም" ሲባል ሰምተናል። ታዲያ ያን ካርቦን በጥንቃቄ የደረበችው ሠራተኛ በዚህ ዓይነት ዕዳ ውስጥ ከሆነች፣ የፍሬሙ ጥራት ብቻውን አያስደስተኝም። ይህ ሸክም በየትኛውም አገር ሊጫን ይችላል። ከፔዳሉ መጋጠሚያ ስር ባለችው ጽሑፍ ላይ የሰፈረው የአገር ስም ስለሱ የሚነግረን ነገር የለም።

ውድ ብስክሌት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ "የት ተሠራ?" ብላችሁ አትቁሙ። ፋብሪካው የማን እንደሆነ፣ ሠራተኞቹ ለመቀጠር ለደላላ ከፍለው እንደሆነና ከፍለው ከሆነም ገንዘቡ ተመልሶላቸው እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት። አላውቅም ካለ ለኩባንያው እንዲጽፍ ንገሩት፤ እናንተም ጻፉ። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ ሲጠይቅ መልስ ይሰጡታል።