ቤት የምትማር ልጅ ለትምህርት ቤት ቡድን ትሩጥ?



ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ እናቶች «ታዲያ ከሰው ጋር መቼ ይገናኛሉ?» የሚለውን ጥያቄ ሳትሰለቹት አትቀሩም። እኔም ሚኒሶታ ሦስት ልጆቼን ቤት አስተምራለሁ። ዘንድሮ ግን ጠያቂዋ ጎረቤት ሳትሆን የ13 ዓመት ልጄ ሆነች። በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት የአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድን መግባት ፈለገች።

ባለቤቴ «ቤት ያስቀረናት ለዲኗ ብለን አይደል? አሁን በጓሮ በር ልናስገባት ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ቁጭ ብለን ተመካከርንበት።

መጀመሪያ ሕጉን አየን። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ እንደየስቴቱ ይለያያል። ፍሎሪዳ በ1996 ፈቅዳለች፤ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ቲም ቲቦ ቤት እየተማረ ለመንግሥት ትምህርት ቤት የተጫወተው በዚያ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ተመሳሳይ ረቂቅ ምክር ቤቱን ቢያልፍም የጊዜው ገዢ ቴሪ መኮሊፍ በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ውድቅ አድርገውታል። ሚኒሶታ ውስጥ ግን እንደ እኛ ከአምስት የማይበልጡ ልጆች በሚማሩበት ቤት ያሉ ተማሪዎች፣ በሚኖሩበት ዲስትሪክት ከሌሎቹ እኩል የመሳተፍ መብት አላቸው።

የሚቃወሙትም ነጥብ አላቸው። ክፍል የሚማረው ልጅ ለመጫወት ውጤቱን መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ቤት የሚማረውን ማን ያየዋል? ይላሉ። እውነት ነው፣ እኩል መብት የሚጠይቅ እኩል ኃላፊነት መሸከም አለበት። እኛ ልጆቻችንን በየዓመቱ እናስፈትናለን፤ የትምህርት ቤቱን ወጪ የሚሸፍነውን ግብርም እንደ ጎረቤቶቻችን እንከፍላለን።

ስለ ዲኑስ? ነቢያችን ﷺ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር መሽቀዳደማቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዴ እርሷ ቀደመች፣ ሌላ ጊዜ እርሳቸው ቀደሙ። ስለዚህ የሚያሳስበን ሩጫው ሳይሆን አለባበሱ፣ ሶላቱና አብሮ የሚዋለው ሰው ነው። በ2019 ኦሃዮ ውስጥ አንዲት ሙስሊም ተማሪ በሂጃቧ ምክንያት ውጤቷ ተሰርዞባት ነበር፤ ስቴቱ በ2022 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ያ ለውጥ የመጣው ልጅቷና ቤተሰቧ ዝም ስላላሉ ነው።

ባለቤቴ ራሱ ሄዶ አሰልጣኟን አነጋገረ። ረጅም ሱሪ፣ ሙሉ እጅጌና ሂጃብ ለብሳ እንደምትሮጥ፣ የዐስር ሶላት ልምምድ ላይ ከደረሰባት ጥግ ይዛ እንደምትሰግድ፣ ውድድር ሲኖር ከእኛ አንዳችን እንደምንገኝ ተስማሙ። ለአንድ የውድድር ወቅት እንሞክረው ብለን ወስነናል። ሶላቷ ወይም ቁርኣኗ ከላላ እናቆማለን፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

እህቴ፣ አንቺም ይህ ጥያቄ ከመጣብሽ ከመከልከልሽም ከመፍቀድሽም በፊት የስቴትሽን ሕግ አጣሪ። ዲስትሪክቱን ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ እዚህ የአገር አቋራጭ ልምምድ ነሐሴ ውስጥ ይጀመራል፣ መስከረም ከጠበቅሽ ይረፍድብሻል። ከሁሉ በላይ ልጅሽን አዳምጫት። ቤት የምናስተምራቸው ዲናቸውን ይዘው ሰው መሃል እንዲቆሙ ነው። መቆሙን የሚለማመዱት ደግሞ እኛ አጠገባቸው እያለን ቢሆን ይሻላል።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።