መዳፍና ጣሳ

ጠላ ለእንግዳ ሲቀዳ ቀጂዋ አስቀድማ ጥቂት በመዳፏ ላይ አፍስሳ ትቀምሳለች። ይህን ልማድ አብዛኞቻችሁ ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ድሮ መርዝ የለበትም ለማለት ነበር ይባላል። ዛሬ መርዝ የሚያስብ የለም፤ ልማዱ ግን አለ። በጠላ ቤት ደግሞ ከልማድም አልፎ የንግድ ዋስትና ነው። ጠማቂዋ ያልቀመሰችውን ጠላ ደንበኛ በጥርጣሬ ያየዋል። «ምነው እትዬ፣ ዛሬ ጠላሽን ፈራሽው?» ይላታል። ቀልድ ነው፤ ቀልዱ ግን ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ አግዳሚው ባዶ ይሆናል።

እናቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠላ ትሸጣለች። የለበስኩት ዩኒፎርም፣ የጨረስኳቸው ደብተሮች፣ አሁን እዚህ ዶርም ተቀምጬ የምጽፍበት እስክሪብቶ ሳይቀር ከጋን የወጣ ነው። ይህን ስናገር የሚያፍሩልኝ ጓደኞች አሉ፤ ማፈሩን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ የቢራ ፋብሪካዎች ተጨንቀው ይሆናል። የእናቴ ማስታወቂያ በደጃችን በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች አንዲት ጣሳ ናት፤ እርሷን አዋጁም አልነካትም።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ስለ ሕክምናው ብዙ አልጽፍም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አይየው። ቀዶ ሕክምና ሆነ። ቀጥሎ በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ስምንት ዙር ኬሞቴራፒ መጣ፤ በአራቱ ዙር ታካሚዎቹ «ቀዩ» የሚሉት ዶክሶሩቢሲን፣ በአራቱ ደግሞ ፓክሊታክሰል። ለእያንዳንዱ ዙር 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር መልስ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምትውጠው ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት። እኔ ያን ዓመት ዊዝድሮው ሞልቼ ከእርሷ ጋር ከረምኩ።

በኬሞው ወራት ጠላ አልቀመሰችም። አፏ ቆስሎ ነበር። ነጭ የደም ሴል ሲቀንስ ደግሞ እርሾው ያልሞተ የቤት መጠጥ ለሰውነት አደገኛ መሆኑን አንዲት ነርስ ረጋ ብላ አስረድታታለች። ከሁሉ የከፋው ግን ምላሷ ነበር። «ሁሉ ነገር ብረት ብረት ይለኛል» ትል ነበር። እስቲ አስቡት፤ ጠማቂ ምላሷን ካጣች ምን ቀራት? ጌሾው መብዛቱን፣ አሻሮው ማረሩን፣ ጋኑ በወይራ በደንብ አለመታጠኑን የምታውቀው በዓይኗ አይደለም። ስለዚህ እርሷ ትጠነስሳለች፣ ትደፈድፋለች፤ እኔ እቀምሳለሁ። «መረር ብሏል» ስላት «የቱ ጋ ነው የመረረሽ? ምላስሽ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ሲወርድ ጉሮሮሽ ላይ?» ትለኛለች። ጉሮሮ ላይ ከሆነ ጌሾው ነው፤ ሌላ ከሆነ ሌላ ነው። እንዲያ እንደ ዕውር መሪና ተመሪ ስድስት ወር ጠመቅን። በልጅነቴ ሁሉ አጠገቡ ተኝቼ ካደግኩት ጠላ ይልቅ በእነዚያ ስድስት ወራት የተማርኩት ይበልጣል።

ምላሷ የተመለሰላት ኬሞው ባለቀ በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። አንድ ጠዋት ሽሮ ቀምሳ «ጨው አነሰው» አለች፤ እውነትም አንሶት ነበር። ክርክራችንም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ልትጠጣ ነው ወይስ ልትተው?

ሐኪም ጠየቅን። ሐኪሙ በር ላይ መዓት ሰው የሚጠብቀው ነው፤ ቀና ሳይል «አትጠጪ» አላት፤ አለቀ። ስንት? እስከ መቼ? መቅመስስ? ለምን? እናቴ «ለምን» ያልተባለላትን ነገር ትእዛዝ እንጂ ምክር አትለውም። ከቢሮው ስንወጣ «ይኼ ሰውዬ ጠላ አያውቅም» አለችኝ። ነገሩን አንብቦ የማምጣቱ ሥራ ለእኔ ወደቀ።

ያገኘሁትን እንዳገኘሁት ላስቀምጠው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የአልኮል መጠጦችን ለሰው ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ ያስገባቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። እናቴ ገና ኬሞ ላይ ሳለች፣ በጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በይፋ ተናግሯል። አልኮል ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲፈጭ ወደ አሴታልዴሃይድ ይለወጣል፤ ይህም የሴልን ዲኤንኤ ይጎዳል። በሴቶች ላይ ሌላ መንገድ አለው። በደም ውስጥ ያለውን ኢስትሮጅን ከፍ ያደርጋል። የእናቴ ካንሰር ደግሞ ከኢስትሮጅን የሚመገብ ዓይነት ነው፤ ታሞክሲፈን የምትውጠውም ይኸው ሆርሞን ወደ ጡት ሴሎች እንዳይገባ በሩን እንዲዘጋ ነው። ማታ ክኒን ውጣ ቀን ጣሳ ማንሣት በአንድ እጅ በር እየዘጉ በሌላው ማንኳኳት ሆኖ ታየኝ።

ይህን ስል ግን ነገሩ ያለቀለት አይደለም። የአፍ፣ የጉሮሮ ወይም የጉበት ካንሰር ቢሆን ኖሮ ክርክር አያሻም ነበር፤ መተው ነው። ለጡት ካንሰርም ቢሆን ገና ላልታመመች ሴት መረጃው ጠንካራ ነው፤ በቀን 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል የምትጠጣዋ እንኳ ጨርሶ ከማትጠጣዋ ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። ታማ ለታከመችው ሲሆን ግን ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። ከፊሎቹ መጠጥ በሽታውን ይመልሰዋል ይላሉ፤ ከፊሎቹ ግንኙነት አላገኙበትም። ጠንከር ብሎ የሚታየው በሌላኛው ጡት አዲስ ካንሰር የመነሣቱ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። «ታዲያ 10 ግራም በጣሳ ስንት ነው?» አለችኝ። ከሐኪሙ ይልቅ ጥያቄ የምታውቀው እርሷ ናት።

ወረቀት አምጥተን አሰላን። ጠላ ላቦራቶሪ ገብቶ አይወጣም፤ ጥንካሬው ከ2 እስከ 6 በመቶ ይዋዥቃል። መካከሉን 4 በመቶ እንያዝ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ይህም 16 ግራም ያህል ነው። አንድ ጣሳ ገና ሳያልቅ 10 ግራሙ ታለፈ ማለት ነው። በመዳፍ የሚቀመሰው ደግሞ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ 15 ሚሊ ሊትር ቢሆን ግማሽ ግራም ይመጣል። እናቴ ወረቀቱን አይታ ደስ አላት። «አየሽ፣ መዳፍ ምንም አይደለም!» አለች።

እኔ ግን የቅዳሜን ገበያ አስታወስኳት። ቅዳሜ ከአሥራ አምስት ጆግ ያላነሰ ይቀዳል፤ በየጆጉ አንድ መዳፍ። አሥራ አምስት ግማሽ ግራም ሰባት ግራም ተኩል ነው። ጣሳ ሳትነካ ማታ ላይ ግማሽ ጣሳ ጠጥታ ትገኛለች። ዝም አለች። እንዲህ ዓይነት ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ የተሸነፈች ሳይሆን የምታስብ ናት።

በዚያው ሰሞን የፋርማሲ ተማሪ የሆነች የዶርሜ ልጅ አንድ ነገር አሳየችኝ። ፓክሊታክሰል በውኃ አይሟሟም፤ ስለዚህ የሚመጣበት ፈሳሽ ግማሹ አልኮል ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 396 ሚሊ ግራም ይላል ወረቀቱ። በእናቴ ክብደትና ቁመት ስናሰላው በአንዱ ዙር ከ18 ግራም የማያንስ ገብቶላታል። አንድ ጣሳ ጠላ ከነትርፉ! አራት ዙር፣ አራት ጣሳ፣ በክንድ በኩል። ይህን በስልክ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች። «ያን ሁሉ ወር ተከለከልሽ እያላችሁኝ በደም ሥሬ ስትቀዱልኝ ኖራችኋል! ደግሞ እኮ ያቺ ነርስ በመዳፏ አልቀመሰችልኝም!» በእርግጥ ይህ ለክርክሯ ማስረጃ አይሆንም። ያኛው አልኮል በሽታውን የሚያጠፋውን መድኃኒት ተሸክሞ የገባ ነው፤ ጣሳ ምንም ተሸክሞ አይገባም። ቢሆንም ለአንድ ሳምንት ያህል ለደንበኛ ሁሉ ስታወራው ሰነበተች።

ደንበኞቹም ዝም አላሉም። ጠላ ቤት ሁሉም ሐኪም የሚሆንበት ቦታ ነው። አንዱ «ዳንሽ አይደል? የዳነ ሰው ይጠጣል» ይላል። ሌላው አረቄ በማር አድርጋ ማታ ማታ አንድ አንድ መለኪያ እንድትል ያዝላታል። እነዚህ እንኳ ለፍቅር ነው። ያስቸገረው የሌላው ወገን ሹክሹክታ ነው፤ «ራሷ የፈራችውን ለእኛ ትሸጣለች» የሚለው። መጀመሪያ ስሰማው ተናደድኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ነገሩ ባዶ አይደለም። ጎጂ ነው ብለን እናቴን ልናስጥላት የምንከራከርበትን ነገር ለሰው ቀድተን ገንዘብ እንቀበላለን። ይህን ለእርሷ አነሣሁባት። አንገቷን ቀና አድርጋ «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ያለሽው በምን ይመስልሻል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። መልስ ያለው አንባቢ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልኝ፤ ነገር ግን የአንድ ቤት የወር ወጪ ከነምንጩ አብሮ ያስቀምጥልኝ።

የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው ነሐሴ ላይ ነው፤ ብቅል አስጥታ እየገላበጠች ሳለ፣ እኔ ነገሩን ሳላነሣ። «ጣሳውን ውሰጂው። መዳፌን ግን አልሰጥሽም» አለች። የምትለው ገባኝ። ጣሳ ማለት ከደንበኞቹ ጋር ቁጭ ብላ የምትጠጣው፣ የበዓሉ፣ የለቅሶው፣ የድካሙ ማብረጃ ነው። ያን ተወች። መዳፍ ማለት ግን ሥራዋ ነው፤ «እኔ የቀመስኩትን ነው የምትጠጡት» የምትልበት ቃሏ ነው። ያን ለታሞክሲፈንም ለእኔም አትሰጥም። የቅዳሜዋን ሰባት ግራም ተኩል ይዤ ትንሽ ተከራከርኳት። በመጨረሻ ጋን ሲከፈት አንድ ጊዜ እርሷ እንድትቀምስ፣ በየጆጉ ደግሞ የአክስቴ ልጅ እንድትቀምስ ተስማማን። የመጀመሪያው ሰሞን ደንበኞቹ አጉረመረሙ፤ «ልጅቷ ምን ታውቃለች» አሉ። ሁለት ሰዎች ወደ ማዶው ቤት ሄደው ቀርተዋል። የቀሩት ለመዱት።

በበኩሌ በእርሷ ቦታ ብሆን ያችንም አንዷን መዳፍ እተዋት ነበር። ጥናቱ ባይስማማም፣ ግማሽ ግራም ኢምንት ቢሆንም፣ ስምንቱን ዙር አብሬ ስላየሁ እተዋት ነበር። ነግሬያታለሁ። «አንቺ ጠማቂ አይደለሽማ» አለችኝ፤ ይህም እውነት ነው። ስለ ራሴ ከተነሣ፣ እናቷ በጡት ካንሰር የታመመችባት ሴት ዕድሏ ከሌላው ሴት ከፍ እንደሚል አንብቤአለሁ። ከጊቢው በር ማዶ ድራፍት ስትጋብዙኝ ለስላሳ የማዘው ስለዚህ ነው፤ መንፈሳዊ ሆና ነው እያላችሁ አትድከሙ።

የቀረው የማኅበሩ ጉዳይ ነበር። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ በየወሩ በ21 ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጽዋ ደግሞ አይታለፍም። ሙሴውን መጠየቅ አፍራ ቆየች፤ በኋላ የማኅበሩን ቄስ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ብዙም አልተጨነቁ። «የሚባረከው ጽዋው ነው፤ ብርዝ አድርጊበት» አሏት። እንዲህ በቀላሉ ይፈታል ብላ ስላልጠበቀች ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። የኅዳር ጽዮን ተረኛዋ እርሷ ናት። ለማኅበርተኛው ጠላው በአንድ ጋን ይጠመቃል፤ በትንሹ ጋን ደግሞ ጌሾ ያልነካው ብርዝ ይኖራል፤ የፈለገ ከዚያ ይጠጣል። ባለፈው ቅዳሜ ስደውል ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት፤ እርሷ ግን የምታወራው ስለ ማር ዋጋ ነበር። «ከካንሰሩ የተረፈችኝን ብር ይኼ ብርዝ ሊጨርሳት ነው» ትላለች።