«ጠቆሙ» ሲባል ማን ምን አለ?

ሞላሌ ላይ ከጎረቤቱ ብር ሊበደር የሄደ ሰው «አላበድርም» የሚል ቃል ላይሰማ ይችላል። የሚሰማው «ዘንድሮኮ ገብሱን ውርጭ ጨረሰው፣ ወንድም ዓለም» የሚል ነው። ለጠያቂው ይበቃዋል። ጠላውን ጠጥቶ፣ ስለ በጎቹ ትንሽ አውርቶ ተመርቆ ይወጣል። የተከለከለም የከለከለም የለም፤ ቅያሜም የለም።

እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነት ንግግር «ኢምፕላይ» የሚል ግሥ አለው። በቃል ሳይነገር፣ በተነገረው ውስጥ ተጠቅልሎ የሚላክን መልእክት ይመለከታል። «ኢንፈር» የሚባል ጓደኛም አለው። የመጀመሪያው የተናጋሪው ሥራ ነው፣ ሁለተኛው የሰሚው። ባለ ገብሱ «ኢምፕላይ» አደረገ፣ ተበዳሪው «ኢንፈር» አደረገ። ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም ሁለቱን ያምታታሉ። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ተናጋሪው ጨርሶ ያላሰበውን ሰሚው ሊረዳ ይችላልና።

አማርኛ ለዚህ ቃል አጥቶ ነው? አላጣም፣ እንዲያውም በዝቶበታል። አሽሙር አለ፣ አግቦ አለ፣ በነገር መውጋት አለ። ችግሩ አብዛኞቹ የክፋት ሽታ አላቸው። ውርጩን ያነሳው ሰውዬ አላሽሟጠጠም፤ ሰው ላለማሳፈር ተጠነቀቀ እንጂ። ክፉም ደግም ያልሆነው አነጋገር «እንዲህ ማለቱ ነው» የሚለው ነው። «ማለት» ደግሞ ሁለት ሸክም የተጫነበት ግሥ ነው፤ መናገርም እሱ፣ ትርጉምም እሱ። «ጦርነት ነው አለ» እና «ጦርነት ነው ማለቱ ነው» በጽሑፍ ሲታዩ ቅርብ ናቸው። ከአፍ ወደ አፍ ሲዞሩ ደግሞ አንድ ይሆናሉ።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን ነገሩን ያጠናው እዚያው መንዝ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰምና ወርቅ የቅኔ ቤት ስልት ብቻ ሳይሆን የኑሮ ዘዴም መሆኑን ጽፏል። ሰው ይቀልድበታል፣ ሳይነቀፍ ይሳደብበታል፣ የግል ጉዳዩን ከጠያቂ ይከልልበታል፣ ሹሙንም ይተችበታል። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ዘመናዊው ዓለም ከአሻሚ ንግግር ሲሸሽ ምን እንዳጣ በሌላ መጽሐፍ ተከራከረ። መንዝ ያስተማረው ነገር አብሮት የቆየ ይመስላል።

ሌቪን ያልደረሰበት የዛሬው የዜና ቋንቋ ነው። በአማርኛ ዜና «ጠቁመዋል» እና «አመላክተዋል» የ«ተናግረዋል» መቀያየሪያ ሆነዋል። አዘጋጁ «ገልጸዋል» ሲደጋገምበት «ጠቁመዋል» ይላል፣ ሌላ ምክንያት የለውም። እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን «ድርድሩ ካልተሳካ ሁሉም አማራጭ ክፍት ነው» አሉ እንበል። የውጭ ጋዜጠኛ የኃይል እርምጃን «ኢምፕላይ» አደረጉ ብሎ ይጽፋል፤ ይህ የእሱ ግምት ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የኃይል እርምጃ እንደሚወሰድ ጠቆሙ» ይሆናል። ማታ ላይ በቴሌግራም የሚዞረው «ጦርነት አወጁ» ነው። ቃሉን ማንም አልፈጠረም፤ በየጣቢያው አንድ ግሥ ብቻ ተቀየረ። በማግስቱ ነጋዴው እህሉን ይደብቃል፣ እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ታስቀራለች።

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17ን የሚያነሳ አንባቢ ይኖራል። ያ ሌላ ነው። በ1881 ዓ.ም. ሁለት ጽሑፎች ነበሩ፤ የአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማጋለጥ ይቻል ነበር፤ ተጋለጠም። ያልተነገረን ነገር ግን ከምን ጋር አስተያይቶ ማጋለጥ ይቻላል?

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ይደርሳል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ሆን ብሎ» የሚል መለኪያ አለው። ሆን ማለት የተናጋሪው ነው። አድማጭ «እኔን ማለቱ ነው» ብሎ መረዳቱ ስሜቱን ያሳይ እንደሆን እንጂ የተናጋሪውን ሐሳብ ብቻውን አያስረዳም። በሰምና ወርቅ ባደገ ሕዝብ መካከል ደግሞ በሬም ሆነ ውርጭ ሲነሳ ወርቅ ፈላጊ አይጠፋም። አንዳንዴ ሰውዬው የሚያወራው በእውነት ስለ ውርጭ ነው።

ለዜና አዘጋጅ ቢያንስ አንድ መውጫ አለ፦ «ጠቆሙ» የሚለውን ትቶ የተባለውን ቃል በቃል ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም «ይህን ጋዜጠኛው እንዲህ ተረድቶታል» ብሎ መለየት። አንድ መስመር ይጨምራል፣ ርእሱም ያን ያህል አይስብም።