ግሪሉ ይጠገን ወይስ ይጣል?

ሜሪላንድ ውስጥ በጋ ሲቃረብ ሐበሻ ባልና ሚስት የሚሟገቱበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ክረምቱን በረዶ ሲወርድበት የከረመው የጋዝ ግሪል።

«ዝጎ አልቋል፤ አዲስ እንግዛ» ትላለች እሷ።

«ምናለሽ ተራ ቢሆን ተጠግኖ ስንት ዓመት ያገለግል ነበር!» ይላል እሱ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ዝገት ሁሉ አንድ አይደለማ! ሥጋው የሚያርፍበት የብረት ፍርግርግ ላዩን ብቻ ከዛገ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ ዘይት ቀብቶ ማጋል ይበቃዋል። የብሩሹ ሽቦ ተነቅሎ እንዳይቀርበት ግን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ከጥብሱ ጋር ይዋጣል። እሳት የሚወጣበት ቱቦ ከተበላ ተፈትቶ ይቀየራል። እሳቱ ቢጫ ሆኖ ከተንቦገቦገ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ሸረሪት አድርታ ይሆናል። የግሪሉ ሰውነት ራሱ ተበስቶ ጣት ካሾለከ ግን ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

በጋዙ ጎማ ቀልድ የለም። የግሪሉን ማዞሪያዎች ዘግቶ፣ ጎማውን የሳሙና ውኃ ቀብቶ፣ ሲሊንደሩን መክፈት ነው። አረፋ ከኮፈሰ ያፈሳል።

«እሺ፣ ፈትሼ እነግርሻለሁ» ይላል ብሩሹን እየፈለገ።

«ፈትሽ! ዐምና ሸራ እናልብሰው ስልህ ‹ብረት ምን ይሆናል!› ያልከው ማን ነበር?»