ጭስ የሌለበት ተራራ

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ባለ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሳቆምና ሳወጣ እውላለሁ። ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት የለም ማለት ይቻላል፤ አንዱንም ግን ከሃምሳ ሜትር በላይ አልነዳሁትም። ጓደኛዬ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ነጂ ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ኪራይ ሲደርስ ሰባት። በጥቅምት አንድ ማክሰኞ የሁለታችንም እረፍት ገጠመና ቅጠሉ ሳይረግፍ ቨርጂኒያ ወዳለው ሸናንዶዋ ፓርክ እንውጣ ተባባልን። በአንተ መኪና እንሂድ ብለው፣ «እሷ መሥሪያ ቤቴ ናት። አንተስ ሽርሽር ስትሄድ ፓርኪንጉን ተሸክመህ ትሄዳለህ?» አለኝ። ተከራየን።

ስልክ ላይ ያየነው ዋጋና ጠረጴዛው ላይ የጠበቀን ዋጋ ዝምድናም የላቸውም። በዚያ ላይ የመያዣ ብር ከካርዴ ላይ ታገተ፣ ኢንሹራንሱ ተደመረ። ሁለተኛ ሹፌር ማስመዝገብ የራሱ ክፍያ አለው ሲባል ጓደኛዬ ሁለት እጁን አነሳ፤ «እኔ ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ።» መኪናዋን ስንረከብ ግን ሙያዬ ጠቀመኝ። ጭረት ፍለጋ ላይ የሚያክለኝ የለም፤ በየቀኑ የምከሰሰው በእሱ ነውና። ፓራውልቱን፣ ስፖኪዮውን፣ የጎማውን ክብ ሁሉ ፎቶ አነሳሁ።

እሱ የኋላውን በር ከፍቶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤ የእሱ ተሳፋሪዎች የሚቀመጡበት ቦታ ላይ። «ሹፌር፣ ቻርጀር አለህ?» ጀመረ። ቀጥሎ ኤሲ፣ ቀጥሎ ውሃ። ቀልዱ የቆየው በ66 ቁጥር መንገድ ላይ ሳላስበው ክፍያ ያለበት የፈጣን መስመር ውስጥ ዘው እስካልኩ ድረስ ነበር። ጮኸብኝ፤ ቡና ለመጠጣት ስንቆምም ሳልጠይቀው ወደ ፊት ወንበር መጣ። (የመስመሩ ሒሳብ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከአከራዩ «የአገልግሎት ክፍያ» ጋር በፖስታ ደረሰኝ። የአገልግሎቱ ዋጋ ከመንገዱ ይበልጣል።)

ፍሮንት ሮያል በር ላይ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ከፈልን፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ከዚያ ስካይላይን ድራይቭ ይጀምራል፤ በብሉ ሪጅ ተራራ ጫፍ ጫፉን 169 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው፤ ለእኔ ይህ ራሱ ብዙ ነበር። ዛፉ ቀይና ብጫ ሆኖ ሲያበራ ጓደኛዬ አልደነቀውም። እሱ የደባርቅ ልጅ ነው። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ 1,235 ሜትር መሆኑን ከካርታው ላይ ሲያነብ፣ «ይሄን ነው ተራራ የሚሉት? ደባርቅ ገበያው ራሱ የዚህ እጥፍ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ላይ ያደግሁት እንኳ ለካ የተራራ ሰው ኖሬያለሁ።

አንድ ነገር ግን አላስቀመጠውም። መመልከቻ ቦታዎቹ ላይ በቆምን ቁጥር ዓይኑ የሆነ ነገር ይፈልጋል። «ሰው የለም» አለ በመጨረሻ። «ከታች ሸለቆው ላይ እርሻም ቤትም አለ። እዚህ ላይ ግን አንድ ጭስ አይታይም። እንዲህ ያለ ቦታ ውሃ እያለው እንዴት ባዶውን ይቀራል?»

ፎክስ ሆሎው የሚባል አጭር የእግር መንገድ ስንገባ መልሱን ያገኘው እሱ ነው። ጫካው ውስጥ ድንጋይ ተከምሯል፤ ራቅ ብሎ ሌላ ክምር፣ ከዚያ ወገብ የሚደርስ ረጅም ካብ። እኔ ድንጋይ ነው ያየሁት። እሱ ቁጢጥ ብሎ ነካካው። «ይሄ ተለቅሞ ነው። ይሄ እርሻ ነበር፤ ሰው ሲያርስ ያወጣው ድንጋይ ነው። ያ ደግሞ የአጥር ካብ።» ትንሽ ወረድ ስንል የቤተሰቡ መቃብር መጣ። ዛፎቹን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ሰው ከሄደ በኋላ የበቀሉ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ብዙ አያስወራም፤ በ1932 አለቱን ሰንጥቀው ያወጡት የሜሪስ ሮክ ዋሻ ውስጥ ስንገባ እኔ ረጅም መብራት ሳበራ፣ እሱ ደግሞ ፍሬን የሌለበት ወለል ላይ እግሩን ሲረግጥ ነው የማስታውሰው። (የጠቀስኳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ቢግ ሜዶውስ ደርሰን የጎብኚዎች ማዕከሉ ውስጥ ያለውን ኤግዚቢሽን ስናይ ግን የድንጋዩ ታሪክ ተሟላ። ፓርኩ በ1935 ሲመሠረት የቨርጂኒያ ግዛት መሬቱን በሕግ ወስዶ ነው ለፌዴራል መንግሥት ያስረከበው። ከ400 በላይ ቤተሰቦች ከተራራው ወርደዋል። ብዙዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ የተቃጠሉም አሉ። ጥቂት አረጋውያን ዕድሜያቸውን እዚያው እንዲጨርሱ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻዋ በ1979 አረፉ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፓርኩን የመረቁት በ1936 እዚሁ መስክ ላይ ቆመው ነው።

ጓደኛዬ «ከ400 በላይ» የሚለው ላይ ቆመ። «የግጭም እንደዚሁ ነው» አለ።

ግጭ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ ልቅ ግጦሽና እርሻ ዋልያውንና ቀይ ቀበሮውን እያጣበበ ስለነበር። የግጭ ሰዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተነሱ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የጓደኛዬ አጎት ከተነሱት አንዱ ናቸው። ከብታቸውን ሸጠው፣ በካሳው ደባርቅ ቤት ሠርተዋል። ሁለቱን ታሪክ አንድ ነው ለማለት አልደፍርም። ግጭ ላይ ሣሩ በእርግጥ አልቆ ነበር፤ ዋልያ ደግሞ ሌላ የሚሄድበት አገር የለውም።

መስኩ ዳር ተቀምጠን ምሳ አወጣን። የያዝነው ሽሮ ፍርፍር ነው። እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን ነንና፣ ሥጋ ሲሆን የማን ቢላዋ የሚል ነገር ይመጣል፤ በሽሮ ግን ማንም ተጣልቶ አያውቅም። ኔትዎርክ ብቅ ሲል አጎቱ ጋ በቪዲዮ ደወለ። እዚህ ቀትር አልፎ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ደባርቅ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። አሰላሙ አለይኩም ተባባሉ፣ ሰላምታው ቤተሰቡን ሁሉ አዳረሰ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ መስኩ አዞረላቸው። ጉልበት ድረስ የቆመ ሣር፣ በፀሐይ የነደደ።

«ወይ ሣር! ወይ ሣር! ከብቱን የት አሰማርተውት ነው?»

«ከብት የለም፣ አያ። ፓርክ ነው።»

«እህ።» ይህን ቃል ያውቁታል። «ታዲያ ማን ይበላዋል?»

«አጋዘን ይበላል። የተረፈውን መንግሥት ያሳጭደዋል።»

«በማጭድ?»

«በማሽን። አንዳንዴም ያቃጥሉታል፤ ካልተቃጠለ ዛፍ ይውጠዋል፣ መስኩ መስክ እንዲሆን ይፈልጉታል።»

ምስላቸው ቆመ። ኔትዎርኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከኋላቸው ሕፃን እየሮጠ አለፈ። ቆይተው፣ «ምሳ በላችሁ?» አሉ።

ቡናውን ፔርሙዝ ውስጥ እንዳለ ይዘን ወደ ሌዊስ ማውንቴን ቀጠልን። ኤግዚቢሽኑ ላይ አይተነው ነበር። በ1939 ተከፍቶ ለጥቁሮች ብቻ የተመደበ የድንኳንና የሽርሽር ቦታ ነው፤ የፓርኩ መለያየት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። አሁን ሲያዩት ምንም የለውም፤ ጠረጴዛ፣ ዛፍ፣ የተቆላለፈ የቆሻሻ መጣያ፣ ድብ እንዳይከፍተው። አንድ ነጭ አሮጊት ውሻቸውን ይዘው ጎናችን ተቀምጠው መጽሐፍ ያነብባሉ። ቡናውን ለሁለት ቀዳን። ሦስተኛ ስኒ ቢኖረን ለእሳቸውም እንቀዳ ነበር፤ ሽታው ሁለቴ ቀና አድርጓቸዋል።

በስዊፍት ረን ጋፕ ወረድንና በ29 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ያዝን። ጨልሞ ነበር። ነዳጅ ሞላሁ፣ የእንጀራውን ፍርፋሪ ከወንበሩ ሥር ለቀምኩ፣ መኪናዋን መለስን። ተረካቢው ወጣት በባትሪ እየዞረ ጭረት ሲፈልግ እኔም ሳላስበው ከኋላው እየዞርኩ አብሬው እፈልግ ነበር። ምንም የለም፤ ፈረመልን።

የጓደኛዬ መኪና እዚያው ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ስልኩን ከፈተ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ አንድ ጥሪ መጣ፣ አልነካውም። ሁለተኛ መጣ፣ እሱንም ተወው። አሌክሳንድሪያ ቤቴ ደጃፍ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ለመውረድ ቀበቶዬን ስፈታ መሪውን በመዳፉ መታ አደረገና፣

«በማሽን!» አለ፤ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።