ቮልስዋገኗ ዝቅ ከመደረጓ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስዋገን የሚያድስ ሰው ሞተሩንና ቀለሙን ከጨረሰ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው የመኪናዋ ከፍታ ላይ ነው። አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋ ያደረገች ቮልስ ታምራለች፤ ይህን የሚክድ የለም። ገንዘቡ ግን መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለዚያ አይደለም። የዚህች መኪና ትልቁ ጉዳይ ያለው ከኋላ ነው።

በቀደሙት 1200 እና 1300 ሞዴሎች የኋላ አክስሎቹ የሚታጠፉት ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው። ጎማው አጠገብ ሌላ መታጠፊያ ስለሌለ፣ የመኪናዋ ኋላ ከፍ ባለ ቁጥር ጎማዎቹ ከሥራቸው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ወደ አባይ በረሃ በሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ሹፌሩ ፈጥኖ ገብቶ፣ መሀል ኩርባ ላይ ደንግጦ ነዳጁን ቢለቅ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላው ይነሳል፤ የውጪው ጎማ መሬቱን የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ይሆናል። ከመኪናዋ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ኋላ መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል። ራልፍ ናደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን የሼቭሮሌ ኮርቬየር ሞዴሎች የከሰሰውም በዚሁ ዓይነት አሠራር ነበር። ቮልስዋገን ራሱ ለአሜሪካ ገበያ ባቀረበው የ1969 ሞዴል እያንዳንዱን አክስል ሁለት መታጠፊያ ያለው አድርጎታል።

ታዲያ ምን ይመረጥ?

መጀመሪያ ያረጀው ይቀየር። የኋላውን ክንድ የሚይዙት ጎሚኒዎች ከደረቁ፣ የፊት እግሩ ኩሽኔታና ቴስቲናው ከላላ፣ ውድ ሾክ አብዞርበር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የፊቱ ቱቦዎች ግራሶ ካላገኙ ደግሞ ውስጣቸው ያለው፣ የፊት ክንዶቹ የሚሽከረከሩበት መቀመጫ ይበላል። ሾክ ሲመረጥም ጋዝ ያለው ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። የመኪናዋ ፊት ቀላል ስለሆነ በጣም ጠንካራ ሾክ ኮብልስቶን ላይ ያስዘልላታል፤ ለከተማ ጥሩ የዘይት ሾክ ይበቃታል።

ቀጥሎ ወፈር ያለ የፊት ስታቢላይዘር ይምጣ። ኩርባ ላይ የሚመጣውን ጫና የፊት ጎማዎች በብዛት እንዲሸከሙ ያደርጋል፤ ኋላው ከመሸሹ በፊት ፊቱ መንሸራተት ስለሚጀምር ሹፌሩ ጊዜ ያገኛል። ከኋላ ብቻ ማጠንከር ግን ተቃራኒውን ያመጣል፤ በዚህ አክስል ላይ አደገኛ ነው። ለኋላው የሚሆነው ከካምቢዮው ሥር ተጋድሞ ሁለቱን አክስሎች የሚያያይዝ ባሌስትራ ነው፤ ጎማዎቹ ከልክ በላይ ወደ ታች እንዳይወርዱ ይይዛቸዋል።

ከፍታው የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የፋብሪካው አሠራር ያስደንቃል፦ እንደ ሞላ የሚያገለግለው የኋላው ቶርሽን ባር በውስጠኛው ጫፉ 40፣ በውጪው 44 ጥርስ አለው። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውጪውን አንድ ጥርስ ወደ ሌላው ቢያዞሩት፣ የሚቀረው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት የድሮውን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርግበት፤ አለዚያ ግራና ቀኙን ማስተካከል አበሳ ነው። ኋላውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ጎማዎቹን ቀድሞ ወደ ጥሩ አቋም ስለሚያመጣ ይጠቅማል። ፋሽኑ ግን ፊቱን ብቻ ማውረድ ነው፤ ያኔ የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩበት ዘንግ ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ ስለሚቀንስ ሰፊ መንገድ ላይ መሪው ይዋልላል። ፊቱን ማውረድ የቆረጠ ሰው በታችኛው ቱቦ በኩል ማስተካከያ ሽም ማስገባት አለበት።

ምንም ወጪ የሌለው ማሻሻያም አለ። ብዙ ሰው ጎሚስታ ቤት አራቱንም ጎማ እኩል ንፋስ ያስሞላል፤ ፋብሪካው ግን የፊቱ ከኋላው በጉልህ እንዲያንስ ያዛል። አዲስ ሾክ ከመገዛቱ በፊት ይህን አስተካክሎ፣ በለመዱት መንገድ ላይ መንዳትና መሪው ላይ የመጣውን ለውጥ ማየት ይገባል።