ከፈረሱ በፊት ገብሱ

የሒሳብ መምህርነት አንድ ክፉ አመል ያስለምዳል። ያዩትን ሁሉ ማካፈል! ድንች ሲገዙ ዋጋውን ለኪሎው፣ መንገድ ሲሄዱ ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ፣ ደመወዝ ሲቀበሉ ብሩን ለቀኑ። እኔም ይኸው አመል ተጠናውቶኝ ስኖር፣ አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ላብ እጄ ገባና እሱንም አካፈልኩት። መልሱ ልክ ነበር። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ እዚሁ ሮቤ፣ እናቱ ሻይ ከምትሸጥባት ክፍል ጀርባ ባለችው ጓዳ ጌም ቤት ለመክፈት አሰበ። ጌም ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሞኒተር፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና በር ላይ የሚጋፉ ልጆች፤ በቃ። ኮምፒዩተሩ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ዘመኑን ጨርሶ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ እንጂ ኳስ ለማጫወት አልተሠራም። የጎደለው ግራፊክስ ካርድ ነበር፤ የጨዋታውን ሥዕል በየቅጽበቱ እየሣለ ለሞኒተሩ የሚያቀብለው ሰሌዳ።

ገንዘቡን ያገኘው በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ኮምባይነር የሲናናን ስንዴ ሲያጭድ እሱ ጆንያ እየሰፋና እየጫነ። ከዚያ ላይ ለእናቱ ሰጠ፣ ቀሪውን አስቀመጠ። ሊገዛ ሲነሳ ሐምሌ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። ካርዱ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ጆንያው የተሰፋው ግን በብር። አዲስ መግዛት የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ። ልጁም አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቹን አጠያይቆ የሁለት አሮጌ ካርዶች ስምና ዋጋ በወረቀት ጽፎ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» አለኝ።

ምን ይሻለኛል! ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ።

አንደኛው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በ139 ዶላር ለገበያ የቀረበ፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው። ሁለተኛው የኤኤምዲ አርኤክስ 570 ነው። በ2017 በ169 ዶላር የወጣ፤ ልጁ ያገኘው እሱም ባለ 4 ጊጋባይት ነበር። በቁጥር ሲታዩ ግን እኩያሞች አይደሉም። የመጀመሪያው 768፣ ሁለተኛው 2048 የስሌት ክፍሎች አሏቸው። የሠሪዎቹ አሠራር ስለሚለያይ ይህን ቁጥር ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። የሜሞሪው መንገድ ግን ብዙ ይናገራል፤ አንደኛው በሰከንድ 112 ጊጋባይት ሲያሳልፍ ሁለተኛው 224 ያሳልፋል። በከባድ ጨዋታዎች ላይ አርኤክስ 570 ሲሶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀድማል።

የሚያስገርመው ዋጋው ነው። ፈጣኑ ርካሽ፣ ቀርፋፋው ውድ ሆኖ አገኘሁት! አርኤክስ 570ን ምን እንዳረከሰው ፈልጌ ደረስኩበት። ኢተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች እንዲህ ያለውን ካርድ በገፍ ይገዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢተሪየም አሠራሩን ቀየረና በካርድ ማምረት ቀረ፤ ካርዶቹም ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ጎረፉ። ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ ልቤ ሙሉ ሆነ። በሰከንድ የሚሣሉትን ሥዕሎች ለብሩ አካፈልኩ። አርኤክስ 570 በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤ ለተማሪ ልክ ነው እንደምለው።

ልጁ ወረቀቱን አየና ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፣ «የመብራቱስ ነገር፣ ጋሼ?» አለኝ።

«መብራት ለሁለቱም ይሄዳል፣ ለሁለቱም ይመጣል» አልኩት። ሳቅኩም መሰለኝ። ልጅ ለታላቁ አይመልስም፤ እሱም አልመለሰም። ይህን ዝምታ ያኔ እንደ መስማማት ቆጠርኩት።

ካርዱ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ደረሰ። ሳጥኑን ከፍተን ልንሰካው ስንል የመጀመሪያው ትምህርት መጣ። ካርድ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚፈልገው ይህችኑ 75 ዋት ስለሆነ አብዛኞቹ ሌላ ገመድ አይሹም። አርኤክስ 570 ግን 150 ዋት ነው የሚበላው፤ ትርፉን ከፓወር ሰፕላይ በራሱ ገመድ መውሰድ አለበት። የእኛ የቢሮ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ነው፤ ገመዱም የለውም። ስለዚህ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተገዛ። ርካሹ ካርድ እዚያው ላይ ውድ ሆነ። ልጁ አሁንም ምንም አላለኝም።

ጌም ቤቱ ተከፈተ። ኳሱ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙን ቢቀይርም ልጆቹ ዛሬም «ፊፋ» ነው የሚሉት። ሥዕሉ አማረ። ካርዱ ግን ይጮኻል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳር ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው ብዙ እየዞረ ጥቂት ይገፋል። ደግነቱ ብርዳችን ያካክሰዋል። ልጆቹም በር ላይ ቆመው ከካርዱ ጀርባ በሚወጣው ሙቀት እጃቸውን ይሞቁ ነበር።

ክፍያው በሰዓት አይደለም፤ በግጥሚያ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል። ልብ በሉ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግጥሚያው ካላለቀ ተሸናፊ የለም፤ ተሸናፊ ከሌለ ከፋይ የለም። መብራት ሲሄድ የሚደርስልን አንድ አነስተኛ ባለ 650 ዩፒኤስ ነበር። መብራቱ ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ልጆቹ «ቶሎ! ቶሎ!» ይላሉ፤ ሁለተኛው አጋማሽ መሀል ላይ ድርግም! ሲመራ የነበረው «አሸንፌአለሁ» ይላል፤ ሲመራ የነበረበት «አላለቀም» ይላል። የእህቴ ልጅ በጨለማ መሀላቸው ቆሞ ሲገላግል ደጋግሜ አየሁት። ማታ ገንዘቡን ሲቆጥር ግን ላየው አልደፈርኩም።

ያን ጊዜ ነው እርሳሴን እንደገና ያነሳሁት።

በመጀመሪያ ሞኒተሩን አየሁ። እሱም የቢሮ ጡረተኛ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ነው ሥዕል የሚቀይረው። ካርዱ 60 ሣለ፣ 90 ሣለ፣ 120 ሣለ፣ ዓይናችን የሚደርሰው ያው 60 ነው። ፊፋን ደግሞ ትንሹም ካርድ 60 አድርሶ ያጫውተዋል። እንግዲህ እኔ ለብር ያካፈልኳቸው ሥዕሎች ግማሾቹ ማንም የማያያቸው ነበሩ! ልጁ ጆንያ የሰፋው ለማይታይ ሥዕል ነበር።

ቀጥዬ ባትሪውን አሰላሁ። የዩፒኤስ ባትሪ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ብቻ አይወርድም፤ ከግማሽ በታች ይወርዳል። በፍጥነት ሲመጠጥ ያለውን ሁሉ አይሰጥም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ካርዱን ስመርጥ አላሰብኩትም እንጂ። ካርዱ ከ60 በላይ እንዳይሥል ገደብነው። ጩኸቱም ሙቀቱም በረድ አለ፤ ዩፒኤሱም ትንሽ ቆየ። ዳሩ ግን የምንገድበውን ፍጥነት ለምን ገዛነው?

በመጨረሻ የዋጋው እንቆቅልሽ ተፈታልኝ። ገበያውን ሞኝ ነው ብዬ ነበር፤ ቀርፋፋውን በውድ ይሸጣል ብዬ። ሞኙ እኔ ነበርኩ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ዋጋውን ይዞ የቆየው፣ አብዛኛው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሰካ በመሆኑ ነው። በዚያ ዋጋ ውስጥ ያልተገዛ ፓወር ሰፕላይ አለበት፤ ያለቀ ግጥሚያም አለበት። የእኔ ሠንጠረዥ ያንን የሚጽፍበት ዓምድ አልነበረውም።

አባቴ ከጎባ ገበያ ፈረስ ሲገዛ አብሬው እሄድ ነበር። ሻጩ ፈረሱን አስግሮ ያሳየዋል፤ አቧራው ይነሳል፤ እኔ እደሰታለሁ። አባቴ ግን ስለ ሩጫው ጠይቆ አያውቅም። «ስንት ገብስ ይበላል?» ነበር የሚለው። ክረምት ሲገባ የሚቀልበው እሱ ነዋ! ልጁ «የመብራቱስ ነገር?» ሲለኝ የአባቴን ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ። እኔ ሳቅኩበት።

ጥፋቴን ነገርኩት። ለአንድ አዛውንት መምህር ቀላል አይደለም፤ ግን ነገርኩት። ካርዱን አዲስ አበባ ለሚኖር፣ መብራቱም ሞኒተሩም ለሚመጥን ሰው ሸጠው። ለእሱ በእርግጥ ጥሩ ዕቃ ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ሲገዛ የጎደለውን እኔ ሞላሁ። ዕዳ ነበረብኝና ስጦታ ብዬ አልጠራውም። ሁለቱም ካርዶች ዛሬ አርጅተዋል። ሠሪዎቻቸውም ለአዳዲስ ጨዋታዎች ያደርጉላቸው የነበረውን ማስተካከያ አቁመዋል፤ ኤንቪዲያ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ልጆቹ ግን አዲስ ጨዋታ አልጠየቁም። የጀመሩትን መጨረስ ነው የፈለጉት።

በቅርቡ አንድ ምሽት እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። የሞኒተሩ ብርሃን ብቻ የልጆቹ ፊት ላይ ቀረ። ዩፒኤሱ ጮኸ፤ ማንም አልተጣደፈም። ሁለተኛው አጋማሽ አለቀ፣ ፊሽካው ተነፋ፣ የተሸነፈው ኪሱን እየዳበሰ ተነሳ። የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተሩን በወጉ ዘጋና በጨለማው ውስጥ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም አንድ ጊዜ ይጫወቱ እንጂ፤ መብራት ሲመጣ» አለኝ።

እሺ አልኩት። መብራቱ እስኪመጣም ሻይ ጠጣን።